ሞተር ቀስቃሹ

ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ላደገ ሰው ብርድ የጎረቤት አገር ወሬ ነው። ከተማችን በይፋት ቆላ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አሮጌ የናፍጣ መኪና እንኳ ጠዋት ብዙ ሳያስለምን ይነሣባታል። ከዚህ ተነሥቶ በደብረ ሲና አልፎ ጣርማ በርን የወጣ መኪና ግን መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። እዚያ ከፍታው 2,800 ሜትር ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል።

አባቴ በ1960ዎቹ የፊያት ኤንትሬ ረዳት ነበር። ደብረ ብርሃን ሲያድሩ ማታ የራዲያተሩን ውሃ ያፈሳል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ ውሃ ያፈላል፤ ፍም በቆርቆሮ አድርጎ ከሞተሩ ዘይት ቋት ሥር ያኖራል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የእሳት ብልጭታ የለውም። አየሩን አምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በዚያ ግለት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን ውስጥ በሥራ ያሳየው ይህንኑ ነው። በደብረ ብርሃን ሌሊት ግን አየሩ ስስ፣ ዘይቱ ወፍራም፣ ባትሪው ደካማ ይሆናል፤ የቀዘቀዘው ብረትም ግለቱን ይነጥቃል።

አንድ ሌሊት የፈሰሰ ናፍጣ ከፍሙ ተያያዘ። አባቴ በጋቢው አፈነው። ጭነቱ ደረሰ፤ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ግን እስኪሞት ድረስ አልታጠፉም። ለምን እንዳልሸሸ ብጠይቀው፣ «መኪናው እንደሆነ በራሱ አይነቃ» አለኝ።

ያ ዳገት ከጥንትም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ሻምበል ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከታጁራ የተነሡት ግመሎች ከደጋው ግርጌ ቀሩ፤ ጭነቱን ወደ አንኮበር ያወጣው የብዙ መቶ ተሸካሚዎች ትከሻ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ወገኖቻችን ጣርማ በር ላይ መንገዱን ንደውበት ቆመ። መኪኖቹ ያለፉት ሰው በእጁ ድንጋይ ደርድሮ መንገዱን ከጠገነ በኋላ ነው። ጣሊያን ኋላ ተራራውን ሰንጥቆ ዋሻ ሠራ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ዋሻውን ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ትቶልን ሄደ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ። ሞተሩ በብርድ ሲያምፅ ከጋቢው ወጥቶ እሳት የሚያነድደው ሰው ስም ግን ከጣሊያን አልመጣም። «ረዳት» የራሳችን ቃል ነው። የባዶሊዮም የሐሪስም ስም በመጽሐፍ አለ፤ የረዳቶቹን ስም የጻፈ አላየሁም።

ዛሬም በንጋት በደብረ ብርሃን ሳልፍ፣ የቆመ የጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ፍም እፈልጋለሁ።