የአዲስ ፕሮሰሰር ትውልድና የቀድሞው ሥራ

በብዕር የሚጻፍበትን ስስ ታብሌት ታሪክ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ብቻ መመዘን ስሕተት ነው። ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ያወጣው ሰርፌስ አርቲ የኤንቪዲያ ቴግራ 3 ፕሮሰሰር ነበረው፤ ክብደቱ 680 ግራም ያህል ብቻ ቢሆንም ለኢንቴል የተጻፉትን የቀድሞ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ማሠራት አልቻለም። ኩባንያውም በ2013 በክምችቱ ምክንያት 900 ሚሊዮን ዶላር በኪሳራ መዘገበ። በዚያው ዓመት ከነብዕሩ የወጣው ሰርፌስ ፕሮ በኢንቴል ፕሮሰሰር እነዚያን ፕሮግራሞች አሠራ፤ ይሁን እንጂ 900 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በ2024 በወጣው ሰርፌስ ፕሮ የገባው የኳልኮም ስናፕድራጎን ከቴግራ ጋር አንድ የአርም ዘር ነው፤ ልዩነቱ ለኢንቴል የተጻፈውን የሚተረጉምለት ሶፍትዌር ማግኘቱ ነው። እንግዲህ አዲስ ትውልድ የሚጸናው የቀዳሚውን ሥራ መረከብ ሲችል ነው።