አይሮፕላኗ የማን ነበረች?

ባለፈው የንባብ ምሽታችን አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አሳዩን። ጠመንጃ የያዙ አምስት ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አይሮፕላን ይታያል። «በስተቀኝ ያለው አባቴ ነው፤ ይህችም እነሱ መትተው የጣሏት የጣልያን አይሮፕላን ናት» አሉን። ድንበር ሲሻገሩ ከያዟቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ፎቶግራፍ ነው። እኛም ታሪኩን በዚህ ጽሑፍ ልናወጣው ተስማማን። ዳሩ ግን ከመጻፋችን በፊት መመርመር ነበረብን፤ በወሬ ላይ ወሬ መጨመር ታሪክ አይባልምና።

ምርመራችንን ከቀለም አልጀመርንም። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አረንጓዴውም ቀዩም ጠቁሮ ስለሚወጣ የባንዲራ ቀለም ያሳስታል። ቅርጽን ማመን ይሻላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቅን፦ ክንፏ የት ላይ ነው? ሞተሯ ስንት ነው? ገላዋስ ከምን ተሠራ?

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. በወረረን ጊዜ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያዘነቡብን ትላልቅ አይሮፕላኖች በአመዛኙ ካፕሮኒና ሳቮያ ማርኬቲ የሚባሉት ነበሩ። የካፕሮኒዎቹ ክንፍ ከገላቸው በላይ የተጫነ ነው፤ ካፕሮኒ 101 እና 133 ሦስት ሦስት ሞተር ሲኖራቸው 111 አንድ ብቻ አለው። ሳቮያ ማርኬቲ 81 ክንፉ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሞተሩ ሦስት ነው። ለቅኝት ይበሩ የነበሩት ሮ 1 እና ሮ 37 ደግሞ ባለ ድርብ ክንፍ ናቸው። የእናታችን አይሮፕላን ግን ክንፏ ነጠላ ነው፤ የተገጠመውም ከገላዋ በታች ነው፤ ሞተሯም አንድ ነው። ከእነዚህ አንዱንም አትመስልም።

ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰልን በትከሻችን ላይ አንገቱን አስግጎ ያይ የነበረ አንድ ልጅ ነው። «ይቺማ እንደ ጣራችን ቆርቆሮ ናት!» አለ። እውነትም በገላዋና በክንፏ ላይ የቆርቆሮ ሽንሽን የመሰለ መስመር ተዘርግቷል። ስስ ብረት ሲሸነሸን ይጠነክራል፤ ጣራችን ነፋስ የሚችለው በዚሁ ዘዴ ነው። አይሮፕላንን በዚህ መልክ በመሥራት የታወቀው የጀርመኑ ዩንከርስ ፋብሪካ ነበር። ከዩንከርሶች 52 የሚባለው ሦስት ሞተር አለው። ደብልዩ 34 ሞተሩ ክብ ነው፤ አፍንጫው ላይ እንደ ኮከብ ይታያል። የኛይቱ አፍንጫ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ ስለዚህ ደብልዩ 33 ናት አልን። በ1920 ዓ.ም. አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳታርፍ በማቋረጥ የመጀመሪያ የሆነችው «ብሬመን» የዚህችው ዓይነት ነበረች።

ለመሆኑ በአገራችን ዩንከርስ ደብልዩ 33 የነበረው ማን ነው? የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ነው። በ1921 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሥ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ከፈረንሳይ ፖቴዝ 25፣ ከጀርመን ደግሞ ይህችው ዩንከርስ ገቡ። ፎቶግራፉንም እንደገና ብናየው አይሮፕላኗ በጎማዋ ቆማለች፤ ክንፏ አልተሰበረም። ተመትታ የወደቀች እንዲህ አትቆምም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ የኛዎቹ አይሮፕላኖች መጀመሪያ በማን ላይ ዘመቱ?» ሲል ጠየቀ። መልሱ ይከብዳል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የመንግሥት አይሮፕላን በበጌምድሩ ገዥ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ቦምብ ጣለ፤ አስቀድሞም የአዋጅ ወረቀት በትኖ ነበር። አብራሪው ፈረንሳዊ፣ አይሮፕላኑም ፖቴዝ ነበር። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። እንግዲህ ጣልያን ከመምጣቱ 5 ዓመት በፊት ከሰማይ የወረደው ቦምብ ያረፈው በወገን ላይ ነው። ጣልያን ሲመጣ ግን የነበሩን ጥቂት አይሮፕላኖች ለውጊያ የማይበቁ ስለነበሩ መልእክትና ሰው ከማመላለስ አላለፉም።

ይህን ሁሉ ለእናታችን እንዴት እንንገራቸው? ዝም እንበል ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ነገርናቸው። እማማ ፎቶግራፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ዝም አሉ።

«እንግዲያ አባቴ አልጣላትም?»

«ይቺን አልጣሏትም፣ እማማ። የኛው አገር አይሮፕላን ናት፤ አባትዎ አጠገቧ ቆመዋል።»

ከመካከላችን አንዱ ሊያጽናናቸው ፈልጎ፣ «ጠባቂዋ ነበሩ ብለን እንጽፋለን» አላቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያንንም አላያችሁም። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» አሉና መልሰው ቋጠሩት።

እኛም ያየነውን ጻፍን። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ያላችሁ አምጡልን፤ የሰማችሁትን ለብቻ፣ የሚታየውን ለብቻ አድርገን አብረን እንመልከተው።