ውፍረትና ጥንካሬ፦ ከፌስታል አዋጅ እስከ ጀሪካን

ጀሪካን የሚገዛ ሰው ጎኑን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል። ወፍራም ከሆነ ጠንካራ ነው ይላል። የአገሪቱ ሕግም ፕላስቲክን ለዓመታት የመዘነው በዚሁ ሚዛን ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለማይበሰብስ ፌስታል የውፍረት ወሰን አበጀለት፤ 0.03 ሚሊ ሜትር። ወሰኑ ግን ፌስታልን ከየመንገዱና ከየቦዩ አላጠፋውም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ።

ፌስታሉ ይሂድ። ጀሪካኑና የመስኖ ቱቦው ግን ይቆያሉ። እነዚህ በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ሜዳ ፀሐይ ውለው የሚያድሩ ዕቃዎች ናቸው። ለእነሱ የውፍረት ቁጥር ብቻውን ምን ይናገራል?

ፕላስቲክ እንደ ክር የረዘሙ ሞለኪውሎች ጥልፍልፍ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ስታውዲንገር ይህን በ1920 እ.ኤ.አ. ሲያስረዳ ብዙ የሙያ ጓደኞቹ አልተቀበሉትም፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1953 ነው። የፀሐይ ጨረር እነዚህን ክሮች ከላይኛው ገጽ ጀምሮ ይበጣጥሳቸዋል። ገጹ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውፍረቱ ግን እንደነበረ ነው፤ አውራ ጣትም ለውጡን አያውቀውም።

ያን ስስ ገጽ ለብቻው መለካት የተቻለው ዘግይቶ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ቢኒግ፣ ኩዌትና ገርበር በረቂቅ መርፌ ገጽን የሚዳስስ ማይክሮስኮፕ አስተዋወቁ። በ1992 ደግሞ ኦሊቨርና ፋር የአልማዝ ጫፍ ቁስ ውስጥ ገብቶ ሲለቀቅ፣ ቁሱ እንዴት እንደሚመለስ አይተው ጥንካሬውን የሚያሰሉበትን ዘዴ አሳተሙ። ልኬቱ በናኖ ሜትር ነው፤ የአዋጁ 0.03 ሚሊ ሜትር በዚህ መስፈሪያ 30,000 ይሆናል።

ፕላስቲክ ግን ለዚህ መርፌም አስቸጋሪ ነው። ጭነቱ ሳይጨምር እንኳ ቀስ እያለ መስመጡን ይቀጥላል። ስለዚህ መርፌው ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ካልሆነ ቁጥሩ ይዋሻል።

ይህ መሣሪያ በየወረዳው ይቀመጥ የሚል የለም። የሚያስፈልገው ጥያቄው ነው። የውኃ ዕቃና የመስኖ ቱቦ ሲገዛ «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ከሚለው ቀጥሎ «ስንት ዓመት ፀሐይ ይችላል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ናሙናው ፀሐይ ከጠጣ በኋላ ተጎትቶ ይፈተን። አለዚያ የስንጥቁን ዋጋ የሚከፍለው ደረጃ አውጪው ሳይሆን፣ ውኃውን መንገድ ላይ ያፈሰሰው ሰው ነው።