ዳንቴል የለበሰው ቤት

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መጠነኛ ኑሮ ካለው ቤት የገባ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዳንቴል ላይ ነበር። ቡፌው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ ጠረጴዛው፣ ራዲዮው፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ በእጅ በተሠራ ነጭ የክር ልብስ ይሸፈኑ ነበር። ስለ ሸማ፣ ስለ ሸክላና ስለ ብረት ሥራ ብዙ ተጽፏል። ዳንቴል ግን በታሪክ ጽሑፎቻችን ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ ሲነሣም ወይ የፈረንጅ ኩረጃ ወይ የጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። ዳንቴሉ የሚሠራበት የቆልማማ መርፌ ሥራ፣ ኪሮሽ፣ የከተማ ሴቶቻችን ያለ ወረቀትና ያለ ሥዕል ንድፍ ያወጡበት ሙያ ነው፤ ይህን ያስቻለውም ብዙዎች እንደ ጉድለት የሚያዩት የሥራው ትንሽነትና ቀላልነት ራሱ ነው።

ኪሮሽ በተቀረው ዓለምም ዕድሜው አጭር ነው። ሽመና በሺህ ዓመታት ሲቆጠር፣ ታትመው ከወጡት የኪሮሽ ንድፎች ቀደምት ሆነው የሚታወቁት እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ፔኔሎፔ በተባለ የኔዘርላንድስ የሴቶች መጽሔት ላይ የወጡት ናቸው። ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቆይቶ ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር ለንደን ውስጥ የንድፍ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረች። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ አየርላንድን ረሃብ ሲፈጃት፣ በኮርክ የነበሩ የኡርሱላይን መነኮሳዪያትና በክሎንስ ከተማ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ሚስት ለድሀ ሴቶች ኪሮሽ አስተማሩ። አየርላንዳውያቱ የተማሩትን እንዳለ አልደገሙትም፤ ለየብቻ የተሠሩ አበቦችና ቅጠሎችን በክር መረብ እያያያዙ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ዳንቴል አወጡ። ሙያው በየአገሩ የተስፋፋበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዲት ቆልማማ መርፌና አንድ ልቃቂት ክር ይበቁታል፤ መደወሪያ፣ መወርወሪያም ሆነ ሰፊ ቦታ አይጠይቅም። እንግዲህ ኪሮሽ ከውጭ መምጣቱ ብቻውን የኛ እንዳይሆን አያደርገውም። አየርላንድም የተቀበለችው ከሌላ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው የተቀበለው ሰው ምን አደረገበት የሚለው ነው።

ወደ እኛ አገር ዋና መግቢያዎቹ ትምህርት ቤትና ሚሲዮን ነበሩ። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ለልጃገረዶች ከንባብ ጎን ለጎን የእጅ ሥራ ያስተምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትና አገሪቱ ከኢጣሊያ ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ የተስፋፉት ሌሎች ትምህርት ቤቶችም የእጅ ሥራንና የቤት አያያዝን የሴት ልጅ ትምህርት አካል አደረጉ። ነገር ግን ትምህርት ቤት የገቡት ጥቂቶች ነበሩ። ዳንቴሉ ግን ፊደል ባልቆጠሩ ሴቶች ቤትም ሞልቶ ይታይ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፈተ እንጂ ሙያውን ያስፋፉት ጎረቤት ከጎረቤት፣ እኅት ከእኅት፣ እናት ከልጅ እየተማማሩ ያስተላለፉት ሴቶች ናቸው። እንዲህ በፍጥነት የተስፋፋውም ዝግጁ እጅ ስላገኘ ነው።

ያ ዝግጁነት ከሁለት የቆዩ ሙያዎች የመጣ ይመስለኛል። አንደኛው ፈትል ነው። በደጋው ኢትዮጵያ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ ለልቃቂት የምታበቃው ሴት ናት፤ ልብስ የሚያደርገው ግን ሸማኔው፣ ወንዱ ነው። ሴቲቱ የክሩን ቅጥነትና ጥንካሬ በጣቷ ታውቃለች፤ ሆኖም ክሩ ከእጇ ወጥቶ በሌላ ሰው የሽመና ዕቃ ላይ ካልዋለ ጨርቅ አይሆንም። ኪሮሽና ሹራብ ይህን ወሰን አፈረሱ፤ ሴት ክር ይዛ ተቀምጣ ያለቀለት ዕቃ ይዛ መነሣት ቻለች። ሌላም ነገር አለ። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ኪሮሽ በትምህርት ቤት በኩል ስለ ገባ ይህ ነቀፋ አልነካውም። እንዲያውም ባለሙያ ሴት የምትመሰገንበት፣ ጎጆ የምትወጣ ልጅ አዘጋጅታ የምትይዘው ሥራ ሆነ።

ሁለተኛው ስፌት ነው። ሰፌድ ወይም ሞሰብ የምትሰፋ ሴት ሥራዋን ከእምብርቱ ትጀምራለች፤ ስንደዶውን እያዞረች በወስፌ እየወጋች በአክርማ ትጠቀልለዋለች። በየዙሩ ምን ያህል እንደምትጨምር ካላወቀች ሥራዋ ይበላሻል፤ በልኩ ከጨመረች እንደ ሰፌድ ይዘረጋል፣ ከቀነሰች እንደ ሞሰብ ክዳን ወደ ላይ ይነሣል። ክብ ዳንቴልም ሕጉ ያው ነው። በስድስት ቀለበት ተጀምሮ በአጭሩ የኪሮሽ አሠራር በየዙሩ ስድስት ሲጨመርበት 12፣ 18፣ 24 እያለ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጭማሪው ሲያንስ ይጎደጉዳል፣ ሲበዛ ይሸበሸባል። ይህን ለአውሮፓዊቷ ጀማሪ መጽሐፍ ይነግራታል፤ ስፌት ለለመደች ኢትዮጵያዊት ግን እጇ አስቀድሞ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። አዲሱ መሣሪያና አዲሱ ቁስ የቆየ ዕውቀት ላይ አረፉ ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ስላልተመዘገበ የዳንቴልን ዘመን ለመለየት የሚበጀው ማስረጃ የተሠራለት ዕቃ ነው። ዳንቴል ለአንድ ነገር ተለክቶ የሚሠራ ልብስ ነውና የሚለብሰው ዕቃ ከመኖሩ በፊት ሊኖር አይችልም። የራዲዮ ልብስ ራዲዮ ወደ ቤቶች ከገባ በኋላ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከላይ ሰፋ ብሎ ፊት ለፊት በሦስት ማዕዘን የሚንጠለጠለው የቴሌቪዥን ልብስ ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ ቅርጽ ነው። እነሆ የክርክሬ ዋና ምስክር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የለንደን መጽሐፍ ውስጥ የቴሌቪዥን ልብስ ንድፍ የለም። አዲስ ዕቃ ቤቷ የገባላት ሴት ስፋቱን በስንዝር ለክታ፣ ማብሪያና ማጥፊያው እንዳይሸፈን አስባ፣ ጫፉ ምን ያህል እንደሚወርድ ወስና ነው የሠራችው። ችግር አይቶ፣ ለክቶ፣ ቅርጽ መርጦ፣ ሞክሮ ማረም በየትኛውም ሙያ ንድፍ ይባላል።

ሥራው ትንሽ መሆኑ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ጋቢ ሊያሠራ የተነሣ ሰው ብዙ ክርና ብዙ ቀን ይፈጅበታል፤ ከተበላሸ ኪሳራው ከባድ ነውና የታወቀውን ወግ መከተል ይመርጣል። ለቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚሆን መዳፍ የምታህል ዳንቴል ግን ከተበላሸች አንድ ጫፍ ተስቦ ትፈታለች፤ ክሩም ሳይጎድል ወደ ልቃቂቱ ይመለሳል። ስሕተት ርካሽ በሆነበት ቦታ ሙከራ ይበዛል። የሰው ዳንቴል ተውሳ ቀለበቱን ቆጥራ የምትሠራ ሴት ጠረጴዛዋ ከባለቤቲቱ ጠረጴዛ ከጠበበ አንድ ረድፍ አበባ ትተዋለች፤ ክሯ ከወፈረ ቀዳዳውን ታሰፋለች፤ ጫፉ ካላማራት ሌላ ታወጣለታለች። ክር በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ያረጀ ሹራብ ተፈትቶ አዲስ ሥራ ይወጣዋል፤ የቀለሙን አሰላለፍ የሚወስነውም ያለው ክር ነው። ስለዚህ «ኩረጃ ነው» የሚለው ወቀሳ የሙያውን አካሄድ ካለማየት የመጣ ነው። ንድፉ በወረቀት ላይ ሳይሆን በዕቃው ላይ ስለሚተላለፍ፣ እያንዳንዱ ቅጂ በአዲሲቱ ሠሪ ቤትና ክር ልክ ይለወጣል።

ከዚህ የጠነከረ ተቃውሞ አለ። የእጅ ሥራ ትምህርት ሴት ልጅን ለቤት ብቻ የሚያዘጋጅ ነበር፤ ወንድሟ ሒሳብና ሕግ ሲማር እሷ የሶፋ ልብስ እየሠራች ጊዜዋ ባከነ፤ ይህን ማወደስ እስሩን ማስጌጥ ነው የሚል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀረጸው ለሚስትነት በታሰበች ልጅ ልክ ነበር። ነገር ግን ሥርዓቱ የተመኘላትና እሷ በሥራው ያደረገችው አንድ አይደሉም። ኪሮሽ በሰው ፊት፣ ቡና እየተፈላ፣ ልጅ እየተጠበቀ ሊያዝና ሊቀመጥ የሚችል ሥራ በመሆኑ፣ ከቤት መውጣት ያልቻለችው ሴት የራሷ የሆነ አነስተኛ ገቢ ያገኘችበት ጊዜ ብዙ ነው። በወህኒ ቤቶችም እስረኞች የእጅ ሥራ እየሠሩ መሸጣቸው የታወቀ ነው። በሰበታ የጌቴሴማኒ ገዳም መነኮሳዪያት የእጅ ሥራን ከጸሎትና ከማስተማር ጋር አዋሕደው መያዛቸውም ይህ ዓይነቱ ሙያ ትዳር ለሚጠብቁ ልጃገረዶች ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ሴቶቹ ተገቢውን ትምህርት መነፈጋቸውን መናገርና በተተወላቸው ጠባብ ቦታ የሠሩትን አእምሯዊ ሥራ መመዝገብ አይጋጩም። ሁለተኛውን ስንተው ግፉን በእጥፍ እናደርገዋለን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፋብሪካ ሙያውን ጨርሶታል የሚል ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ታሪክ ግን ነገሩን በሌላ መልኩ ያሳያል። ፋብሪካ ለኪሮሽ መጀመሪያ የመጣው ረዳት ሆኖ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከተተከለው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ተቋቋመ፤ አዲስ አበባ ውስጥም አደይ አበባና እድገት የክር ፋብሪካዎች ሠሩ። የተዘጋጀ ክር በሱቅ መገኘቱ ፈትል ላልቻለችም ሴት ኪሮሽን ቀላል አደረገው። በ2002 ዓ.ም. ሰበታ አለም ገና ላይ የተመረቀው አይካ አዲስ ደግሞ ከጥጥ ጀምሮ እስካለቀለት የሹራብ ጨርቅ ልብስ ድረስ በማሽን የሚያመርት ነበር። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ቀለበት ተስቦ ለብቻው ስለሚዘጋ እስካሁን በገበያ ደረጃ እውነተኛ ኪሮሽ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ የፕላስቲክ ዳንቴል መልኩን ይመስላል እንጂ አሠራሩ ሌላ ነው። ይልቅስ ዳንቴሉን ከሳሎን ያወጣው የዕቃው መለወጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ልብሱ የሚያርፍበት ቦታ አጣ፤ ዕቃውን ተከትሎ የመጣ ቅርጽ ዕቃውን ተከትሎ ሄደ።

ይህ አመክንዮ ትክክል ከሆነ፣ ሙያው አዲስ ዕቃና አዲስ ቤት ባገኘ ቁጥር አዲስ ንድፍ ማውጣት አለበት። ኮዬ ፈጬን የመሰለ ቦታ ይህን ለመመርመር የተመቸ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ የተጠቃለለው ይህ አካባቢ በኮንዶሚኒየሞቹ ይታወቃል፤ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቤቶች የድሮውን ትልቅ ቡፌና ሰፊ የሶፋ ልብስ አያስገቡም። ዛሬ በኪሮሽ የሚሠሩት የሕፃን ጫማ፣ ኮፍያ፣ የስልክ መያዣ፣ ትንሽ ቦርሳና አሻንጉሊት መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም። ሁሉም ጥቂት ክር የሚፈጁ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሠሩ፣ ከቤት ወጥተው ሊሸጡ የሚችሉ ናቸው። ዕቃ ከማልበስ ሰው ወደ ማልበስና ወደ ገበያ የተደረገ ሽግግር ነው፤ ለአዲስ ልክ አዲስ ቅርጽ የማውጣቱ ብልሃት ግን ያው የቴሌቪዥን ልብሱ ብልሃት ነው።

ስለዚህ ዳንቴልን በታሪካችን ውስጥ ቦታ ለመስጠት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙያውን በጉብዝናቸው ዘመን የያዙ እናቶች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ሲዛወሩም የማይስማማው ዕቃ ከነልብሱ ይጣላል። የከተማ አስተዳደር የባህል ክፍሎች፣ ሙዚየሞችና የታሪክ ተማሪዎች አንድ ዳንቴል ሲያገኙ አራት ነገር ቢመዘግቡ ይበቃል፦ ለየትኛው ዕቃ ተሠራ፣ በየትኛው ዘመን፣ ከማን ታይቶ፣ ምኑ ተለውጦ። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሲጠራቀም፣ የከተማ ሴቶቻችን የንድፍ ታሪክ በሠሪዎቹ ቃል መጻፍ ይጀምራል።