ቦስተንን ያንቀጠቀጠው ጫማ ሰፊ

የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በፈረንጆቹ 2026 ድፍን 250 ዓመት ይሞላዋል። በዓሉ በመጣ ቁጥር የዋሽንግተን፣ የጀፈርሰንና የፍራንክሊን ስም ይነሳል። ከአዋጁ አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ የንጉሡን የቀረጥ ሕግ ቦስተን ላይ መና ያስቀረውን አቤኔዘር ማክንቶሽን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ማክንቶሽ ጫማ ሰፊ ነበር። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። ብሪታንያ ፈረንሳይን በሰባት ዓመቱ ጦርነት ብታሸንፍም በ1763 ግምጃ ቤቷ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። በአሜሪካ ያሰፈረችውን ጦር ወጪ ቅኝ ግዛቶቹ ይሸፍኑ ተባለና ፓርላማው በማርች 1765 የቴምብር ቀረጥ ሕግ አወጣ። ኑዛዜው፣ የመሬት ውሉ፣ ጋዜጣው፣ የመጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቀረጥ ይከፈልበት ሆነ። በለንደኑ ፓርላማ አንድም ወኪል ያልነበራቸው የአሜሪካ ሰፋሪዎች አንቀበልም አሉ።

ማክንቶሽ ያኔ የ28 ዓመት ወጣት ነው። ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በፈረንሳዩ ጦርነት ዘምቶ፣ የቦስተን ደቡብ ሰፈር ጎረምሶች አለቃ ሆኗል። የደቡብና የሰሜን ሰፈር ልጆች በየዓመቱ ኖቬምበር 5 የሮማውን ጳጳስ ምስል በጋሪ እየጎተቱ ሲወጡ በዱላ ይፋለሙ ነበር፤ በ1764 አንድ ሕፃን ጋሪ ጎማ ሥር ወድቆ ሞቷል። ሕጉን ለማክሸፍ በምስጢር የተደራጁ ዘጠኝ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች፣ ከእነሱም አንዱ የጋዜጣ አታሚው ቤንጃሚን ኢድስ፣ ይህን ጉልበት ፈለጉት።

ኦገስት 14 ቀን ጠዋት የቴምብር አከፋፋይ እንዲሆኑ የተመረጡት የአንድሩ ኦሊቨር ምስል በደቡብ ሰፈር ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ሲመሽ ማክንቶሽ ሕዝቡን መርቶ የቴምብር ቢሮ ሊሆን ነው የተባለውን ሕንፃ አስፈረሰ፤ ምስሉም ተቃጠለ። ኦሊቨር በማግስቱ ሹመቱ ይቅርብኝ አሉ።

እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። የሚያከራክረው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የሆነው ነው።

ኦገስት 26 ማታ ሕዝቡ መጀመሪያ የባሕር ፍርድ ቤቱንና የጉምሩኩን ሹሞች ቤት መታ። ከዚያ ወደ ምክትል አገረ ገዥው ቶማስ ሃችንሰን ዞረ። ሃችንሰን ከልጆቻቸው ጋር ራት ላይ ነበሩ። አልወጣም ቢሉም ትልቋ ልጃቸው ያለ እርስዎ አልሄድም ብላ ስለተመለሰች ለእሷ ሲሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው በድንጋይ ውርወራ የሚቆም አልነበረም። በሩ በመጥረቢያ ተፈለጠ፣ የውስጥ ግድግዳው ተናደ፣ 900 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ተወሰደ። የጣሪያውን ጉልላት ለመጣል ብቻ ሰዓታት ፈጅቷል። ሃችንሰን ሲጽፉት የኖሩት የማሳቹሴትስ ታሪክ ረቂቅ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተበተነ፤ ጎረቤታቸው ቄስ አንድሩ ኤሊየት ለቅመው አተረፉት። ዋና ዳኛም የነበሩት ሃችንሰን በማግስቱ ችሎት የቀረቡት በተውሶ ልብስ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሃችንሰን ራሳቸው የቴምብሩን ሕግ በግል ተቃውመው ነበር።

ይህን ማን አዘዘ? የከተማው ስብሰባ በማግስቱ ድርጊቱን አወገዘ፤ መሪዎቹም ከስካርና ከዘረፋ ጋር ጉዳይ የለንም አሉ። አገረ ገዥው ፍራንሲስ በርናርድ ግን ከጀርባው ባለጸጎች አሉበት ብለው ያምኑ ነበር። ሸሪፉ ማክንቶሽን በዚሁ ጉዳይ መንገድ ላይ ያዘው። ያን ጊዜ የከተማው ጌቶች፣ እሱ ከታሰረ ማታ ከተማዋን ለመጠበቅ አንድም ሰው አይወጣም አሉ። ማክንቶሽ ተለቀቀ። ተራ ዘራፊ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ጫማ ሰፊ ማን እንዲህ ይቆምለት ነበር? በዚያ ምሽት በመጀመሪያ የተመቱት የኮንትሮባንድ ጉዳይ የሚከታተሉ ሹሞች መሆናቸውም እንዲሁ የመጣ አይመስልም። የሃችንሰን ቤት ላይ የወረደው ቁጣ ግን የሕዝቡ የራሱ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ያጣው ድሃ፣ ሹመትን ሁሉ ለዘመዶቻቸው ያከማቹትን ሰው ቤት ለማፍረስ የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ማክንቶሽ ሁለቱን ሰፈሮች አስታርቆ፣ ሰማያዊና ወርቃማ ደንብ ልብስ ለብሶ ሰልፉን መራ። በዲሴምበር ኦሊቨር በዚያው ዛፍ ሥር በሕዝብ ፊት ሹመታቸውን በይፋ ለቀቁ። ሕጉም በማርች 1766 ተሻረ።

ከዚህ በኋላ የማክንቶሽ ዱካ ይሳሳል። በ1770 በዕዳ ታስሮ ነበር፤ የተሟገቱለት ጌቶች በዚያን ጊዜ አልታዩም። በ1774 ወደ ኒው ሃምፕሸር ሄዶ ሃቨርሂል በምትባል ከተማ ኖረ፤ በ1816 እዚያው ሞተ። ከልጆቹ አንዱን በኮርሲካው የነጻነት መሪ በፓስካል ፓዎሊ ስም ጠርቶታል።

ምስሉ የተሰቀለበትን ዛፍ፣ በኋላ «የነጻነት ዛፍ» የተባለውን፣ በ1775 የንጉሡ ደጋፊዎች ቆረጡት። ቦታው ቦስተን ውስጥ የዋሽንግተንና የኤሴክስ መንገዶች መገናኛ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ልጆቻችሁ የዚህን አብዮት ታሪክ በትምህርት ቤት ይማሩታል። እግራችሁ ወደ ቦስተን ከጣላችሁ ወደዚያ ውሰዷቸውና የአቤኔዘር ማክንቶሽን ስም ንገሯቸው።