ያለ ቦታቸው የዋሉ ቃላት



በእጅ ተጽፋ ከድንኳን ወደ ድንኳን በምትዞረው በዚህች ገጽ ላይ ስለ ቋንቋ እንድንጽፍ የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ጥያቄውም አብዛኛውን ጊዜ በቁጣ የታጀበ ነው። አንድ አባት «መምህራኖች» የሚል በሰሙ ቁጥር ጨዋታውን አቋርጠው ይነሣሉ። አንዲት እኅታችን «ሕፃናቶች» እያለ የሚያስተምር ሰው ልጄን አያስተምርብኝ ብላለች። ወጣቶቹ በበኩላቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛና አንድ የስዋሂሊ ቃል ካልደባለቁ የተናገሩ አይመስላቸውም፤ ሽማግሌዎቹም በዚህ ይበሳጫሉ።

እኛም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥተን በቀይ እስክሪብቶ የተማሪ ደብተር ስናርም የኖርን ሰዎች ነንና የቁጣው ምክንያት ይገባናል። ሆኖም ቁጣ እንደ ራሽን ተለክቶ ቢታደል ለየትኛው ስሕተት ልናወጣው ይገባል? ይህን ለመመለስ ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን የቃላትን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሁሉን የሚያስቆጣውን እናንሣ። መምህር ብሎ መምህራን፣ ሕፃን ብሎ ሕፃናት፣ መጽሐፍ ብሎ መጻሕፍት፣ ቃል ብሎ ቃላት በግዕዝ ሕግ ብዙ ሆነው ያደሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ «ኦች» መጨመር በጭነት ላይ ጭነት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ተማሪም ሊታረም ይገባዋል። ነገር ግን ነገሩ ከድንቁርና ብቻ የመጣ አይደለም። ግዕዝ ከአደባባይ ንግግር ወጥቶ በቤተ ክርስቲያንና በመጽሐፍ ከተወሰነ ብዙ መቶ ዓመታት ስላለፉ፣ አማርኛ ተናጋሪው በቃሉ መጨረሻ ያለውን የብዛት ምልክት ጆሮው አይለየውም። ስለዚህ በሚያውቀው ምልክት ያበዛዋል። በ1611 በፈረንጅ አቆጣጠር የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ በዕብራይስጥ ብዙ የነበረውን «ኪሩቢም» የሚለውን ቃል በራሱ ምልክት ደግሞ አብዝቶት ይገኛል።

የፊደሉም ክርክር ከዚህ አይርቅም። በግዕዝ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን ሌባ ሰረቀ ማለት ነው። በሃሌታው «ሀ» «መሀረ» አስተማረ ሲሆን፣ በሐመሩ «ሐ» «መሐረ» ይቅር አለ ይሆናል። በአማርኛ አፍ ድምፆቹ አንድ ስለሆኑ፣ ፊደሎቹ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ሊቃውንቱን ብዙ አነጋግሯል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ቀንሰው ጻፉ። ሕዝቡም መጽሐፉን አንቆለጳጵሶ አነበበው እንጂ አማርኛ ጠፋ ብሎ አላለቀሰም።

እኛ ፊደላችንን እንደ ጥንቱ መጻፍ እንወዳለን። የሆነው ሆኖ «ሕፃናቶች» ስለተባለ የተራበ ሕፃን፣ «ሠ» በ«ሰ» ስለተለወጠ የታሰረ ሰው አናውቅም። ይህ በደብተር ላይ የሚታረም ስሕተት ነው።

ታዲያ ቃል ጉዳት የለውም ማለት ነውን? አይደለም። የአገራችን ታሪክ ሌላ ይነግረናል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ሸማ ሠርቶ የሚያለብሰው፣ አርሶ የሚያበላው ሰው ሥራው ራሱ ስድብ ሆኖበት ኖሯል። «ጠይብ» የሚለው የሙያ ስም ነበር፤ በአፍ ሲመላለስ ግን መናቂያና መፍሪያ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ ብሎ የሚሳደብ ሰው የሚሰድበው እኔን ነው የሚል ቃል አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም። ነገር ግን ቃል ያለ ቦታው ሲውል የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የፍርድ ጉዳይ እንደሚሆን መንግሥት የተቀበለበት ማስረጃ ነው።

ሌላው ለእኛ ለስደተኞች የቀረበ ምሳሌ በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ናቸው። እነርሱ ራሳቸውን በዚህ ስም ሲጠሩ፣ ጎረቤት ግን «ፈላሻ» ይላቸው ነበር። ቃሉ የመጣው «ፈለሰ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙም ከአገሩ የወጣ፣ መጻተኛ ማለት ነው። አያት ቅድመ አያታቸው በተቀበሩበት መንደር፣ ሸክላ በሠሩበትና ብረት በቀጠቀጡበት ቀዬ በየቀኑ «መጻተኛ» እየተባሉ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ዛሬ በጎዶማ ሆነን ልንረዳው እንችላለን። ከእነርሱም ብዙዎች በሱዳን መጠለያዎች በኩል አልፈው ሄዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ስሙን ለመጠየቅ ያልደከመ ጎረቤት ከስሙ በፊት ጎረቤቱን አጣ።

እስካሁን ያየናቸው ስድቦች ናቸው፤ ስድብ ደግሞ ቢያንስ በግልጽ ይታወቃል። ከዚህ የከፋው ጨዋ መስሎ የሚቀርበው ቃል ነው። የዚህን ዓይነቱን ቃል በብዛት ያወረሰን የ1966ቱ አብዮትና ተከታዩ ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን አማርኛ ብዙ አዳዲስ ቃላት አገኘ። «አብዮት» የተባለው «አበየ»፣ ማለትም እምቢ አለ፣ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ወጣ። «ደርግ» ትርጉሙ ኮሚቴ ብቻ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የዘመቱት ተማሪዎችና መምህራን እነዚህን ቃላት እስከ መንደር አደረሷቸው። በቃላቱ መወለድ ክፋት የለም፤ ቋንቋ አዲስ ነገር ሲገጥመው አዲስ ስም ያወጣል። ነገር ግን ወዲያው ቃል የቡድን መለያ ሆነ። ጉልበቱን ሸጦ የሚኖረውን ሠራተኛ አንዱ ወገን «ላብ አደር»፣ ሌላው ወገን «ወዝ አደር» አለው። ኢሕአፓ «ላብ አደር» የሚባል ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ከደርግ ጎን ከቆሙት ድርጅቶች አንዱ «ወዝ ሊግ» ይባል ነበር። ላብም ወዝም ከአንድ ገላ የሚወጡ ናቸው። ሆኖም አንድ ወጣት የማን ደጋፊ እንደሆነ ከሚመርጠው ቃል ይገመት የነበረበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ የቃል ምርጫ የነፍስ ጉዳይ ሆነ።

ከሁሉ የከፋችው ግን «እርምጃ» ናት። እርምጃ ማለት እግርን አንሥቶ ወደፊት ማሳረፍ ነው። ሕፃን መራመድ ሲጀምር እናት እልል የምትልባት ቃል ናት። ይህችኑ ቃል ወስደው «አብዮታዊ እርምጃ»፣ «ነፃ እርምጃ» አሏት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ያለ ፍርድ ተገደለ ማለት ሆነ። ዐረፍተ ነገሩን እንደ መምህር እንበትነው። ባለቤቱ ማነው? የለም፤ «ተወሰደ» ብሎ አድራጊውን ሰውሮታል። ድርጊቱ ምንድነው? መራመድ። ሟቹስ የት አለ? «በት» በምትል አንዲት ቅጥያ ውስጥ ተቀብሯል። ገዳይ የለም፤ ግድያ የለም፤ ሬሳ የለም። «ነፃ» የተባለውም ከፍርድ ቤት፣ ከምስክርና ከይግባኝ ነፃ ማለት ነበር።

ይህን ሰዋስው ፈትቶ ሰውን ከነስሙ ለማውጣት ረጅም ጊዜ ወስዷል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮችን ሰማ፤ የመንግሥቱን የራሱን ወረቀቶችም ሰበሰበ። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ከሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ጋር ጥፋተኛ አላቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የፈጀው ሥራ በከፊል «እርምጃ» የተባለውን ወደ «ግድያ»፣ «ተወሰደ» የተባለውን ወደ «እገሌ አዘዘ» የመመለስ ሥራ ነበር። ቃሏ ግን ከደርግ ጋር አልወደቀችም። ዛሬም በዜናና በመግለጫ ትሰማለች፤ በእኛም አፍ ላይ አለች።

ጉዳዩን ወደ ሰፈራችን የምናመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ያለ ሰው የሕይወቱን ታሪክ በጠረጴዛ ፊት፣ በአስተርጓሚ በኩል፣ በጥቂት ሰዓት ይናገራል። አንዲት እናት «በባለቤቴ ላይ እርምጃ ተወሰደ» ብትል እኛ ደንግጠን ነፍስ ይማር እንላለን። አስተርጓሚው ቃል በቃል ካዞረው ግን ጠያቂው የሚሰማው ሰውየው ከሥራ የታገደ ወይም ደመወዙ የተቆረጠ መሆኑን ነው። «ተባረርኩ»ም እንዲሁ ነው፤ ከሥራ ነው፣ ከቤት ነው፣ ወይስ በጠመንጃ ተሳደው? «እንጀራ ፍለጋ ወጣሁ» የሚለው የትሕትና አነጋገር ደግሞ በአገራችን ማንንም ላለመክሰስ የምንናገረው ነው። በጠረጴዛው ላይ ግን ከሞት ያመለጠውን ሰው ሥራ ፈላጊ አድርጎ ያስመዘግበዋል።

«ስደተኛ» የሚለውም ቃል በሰፈር አማርኛና በሕግ አንድ አይደለም። በእኛ ዘንድ ዓረብ አገር ለሥራ የሄደችውም ስደተኛ ናት። በሕግ ግን ቃሉ የተለካ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስለ ስደተኞች የተስማማበት ውል የተፈረመው በገዛ አገራችን በአዲስ አበባ፣ በ1969 በፈረንጅ አቆጣጠር መስከረም 10፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዐውደ ዓመት ዋዜማ ነው። ይህ ውል ከማሳደድ የሸሸውን ብቻ ሳይሆን፣ የአገሩ ጸጥታ ክፉኛ በመታወኩ የሸሸውንም ስደተኛ ይለዋል። ቃሉ እንደሚሰጥ ሁሉ ይነሣል። ከደርግ ሸሽተው ከ1991 በፈረንጅ አቆጣጠር በፊት የወጡት ኢትዮጵያውያን፣ አገዛዙ ወድቋልና ምክንያቱ ቀርቷል ተብሎ፣ በመጋቢት 2000 በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ ስም በጅምላ ተቋርጦባቸዋል። ከዚያ በኋላ ስሙን ይዞ መቆየት የቻለው የራሱን የተለየ ምክንያት ማስረዳት የቻለ ሰው ነው።

የዘመድ ስምም ያስቸግራል። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል። እኛ ደግሞ በተቃራኒው የአክስት ልጅ «ወንድሜ»፣ ያሳደግነውን የእኅት ልጅ «ልጄ» እንላለን። ይህ የፍቅር አጠራር ነው፤ ከቤታችን እንዲጠፋ አንሻም። በቅጽ ላይ ግን «ያሳደግሁት የእኅቴ ልጅ» ተብሎ ይነገር። አለዚያ ሌላ ቀን ሌላ ወረቀት ሲታይ እውነተኛው ሰው ውሸታም ተብሎ፣ ልጁም ከቤተሰቡ ሊለይ ይችላል።

ዓመተ ምሕረትም እንደዚሁ ነው። መስከረም 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ መስከረም 2012 የተወለደ ነው። አቆጣጠሩ ሳይነገር «2005» ተብሎ ከተጻፈ ሰባት ዓመት ይጨመርበታል፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በወረቀት የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ይሆንና ለሕፃናት የሚሰጠው ጥበቃ ይቀርበታል። ሰዓቱም አለ። «ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት» የምንለው በፈረንጅ ዘጠኝ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛ ከንጋት ስለሚቆጥር ይግባባናል፤ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ግን ቃሉ እንዳለ ከሰፈረ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። አንድ ምስክርነት በዚህ ብቻ ሊናጋ ይችላል።

ወጣቶቻችንን በተመለከተ፣ «ኪፓንዴ» ወይም «ማንዴት» አሉ ብለን አንቆጣም። የገቡበትን አገር ቃል መዋስ ያለና የነበረ ነው። ሆኖም የተዋሱትን ቢያውቁ ይበጃቸዋል። መታወቂያ የሚሉበት ኪፓንዴ፣ በእንግሊዞች ዘመን በ1915 በፈረንጅ አቆጣጠር በወጣ ደንብ መነሻ፣ ጥቁር ወንዶች በትንሽ የብረት ሳጥን ከትተው በአንገታቸው እንዲያንጠለጥሉት ይገደዱ የነበረው ወረቀት ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው። «መምህራኖች» የሚለውን በፈገግታ እናርም። ሰውን በማይወደው ስም መጥራትን በቁጣ እንከልክል። አድራጊን፣ ድርጊትንና ተጎጂን የሚሰውረውን ቃል ግን ከአፋችን እናውጣ። «እርምጃ ተወሰደ» ከማለት ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳደረገው፣ የት፣ በየትኛውስ አቆጣጠር መቼ እንደሆነ እንናገር። የማናውቀውን አናውቅም እንበል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።

ለጥያቄ የተቀጠሩ እናቶችና አባቶች ታሪካቸውን ከመናገራቸው በፊት ከአንድ ማንበብና መጻፍ ከሚችል ዘመድ ጋር ተቀምጠው ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቢያስለውጡ፣ የቤተሰባቸውንም ዝምድና በትክክለኛ ስሙ ቢያስጽፉ መልካም ነው። ለዚህ ሥራ ጊዜና እስክሪብቶ ያላችሁ መምህራን ሁሉ እንድትረዱ እንጠይቃለን።