የመኪና ኤሲ ጋዝ በቤት መሙላት
በአትላንታ የሐምሌ የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ማቀዝቀዝ ያቃተውን ኤሲ ባለቤቱ ራሱ ጋዝ የሚሞላበት አሠራር። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ከጎደለ የሾለከበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ መጋጠሚያው ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ያ ሳይጠገን መሙላት በተቀደደ ስልቻ ውኃ መቅዳት ነው፤ የሚያመልጠው አር-134ኤ የተባለው ጋዝም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። እርግጥ «ጋራዥ ውድ ነው፣ የጋዙ ጣሳ ርካሽ» የሚለው ክርክር ለዓመታት በዝግታ ለሚሾልክ መኪና ሚዛን ይደፋል፤ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግም ትንሹን ጣሳ ለማንም እንዲሸጥ ይፈቅዳል፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ሊኖረው ግድ ነው። ሆኖም የጣሳው ጌጅ የሚያሳየው የዝቅተኛውን መስመር ግፊት እንጂ የጋዙን መጠን አይደለም፤ ግፊቱም ከአየሩ ሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ትክክለኛው መጠን በክብደት የተጻፈው ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው።